«እሱንስ ማነው ያስተማረው?»

ባለፈው ወር መርካቶ ውስጥ ለሽያጭ ሥራ ኢንተርቪው ገብቼ ነበር። ሲቪዬ ላይ «ቋንቋ» ከሚለው ሥር «አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፦ በጣም ጥሩ» ብዬ ጽፌያለሁ። ሰውየው ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረገና «ኦሮምኛስ?» አለኝ።

«ትንሽ እሰማለሁ።»

«ስልጥኛ? ጉራጊኛ?»

ዝም አልኩ።

«አባትህ የየት አገር ሰው ነው?»

«ቸሃ።»

ሳቀ። በክፋት አልነበረም፤ ግን ሳቀ። ሥራውንም አላገኘሁም።

ከዚያ ወጥቼ በቀጥታ የሄድኩት ከሲኒማ ራስ ብዙም ወደማይርቀው የአባቴ ሱቅ ነው። አባቴ ብርድ ልብስና አንሶላ ይሸጣል። ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አዳመጥኩት። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከሰበታ የመጣች ነጋዴን በኦሮምኛ ተከራከራት፤ ከጎረቤቱ ባለሱቅ ጋር በስልጥኛ ቀለደ፤ ከአገር ቤት የደወለችውን አክስቴን በጉራጊኛ አናገራት፤ ለእኔ ደግሞ በአማርኛ ሻይ አዘዘልኝ። አረብኛም ይችላል። በድምሩ አምስት ቋንቋ!

አባቴ መርካቶ የገባው በልጅነቱ፣ በ1960ዎቹ ነው። አማርኛን ጫማ እየጠረገ፣ አረብኛን አረብ ቤት እየተላላከ፣ ኦሮምኛን ከደንበኞቹ፣ ስልጥኛን አብረውት ካደጉ ልጆች ለመደ። ደብተር አልያዘም፤ ኮርስ አልወሰደም። ስሟ ራሱ የጣሊያንኛ ቃል የሆነው መርካቶ አስተማረችው። እኔ ግቢ ውስጥ ስለ «ሂዩማን ካፒታል» ተምሬ በዲግሪ ተመርቄያለሁ። የአባቴ አምስት ቋንቋ ግን እስከዛሬ የትኛውም ፎርም ላይ ሰፍሮ አያውቅም።

ያን ቀን ሻዬን እየጠጣሁ ስልኬ ላይ ብዙ ቋንቋ በመቻል ስለታወቁ ሰዎች ማንበብ ጀመርኩ። በእልህ ነው መሰለኝ። ወልፍ ሌስላው የሚባል፣ ፖላንድ የተወለደ ምሁር አገኘሁ። አማርኛን፣ ሐረሪኛን፣ ትግርኛን፣ ሌሎችንም የአገራችንን ቋንቋዎች ሲያጠና ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2006 በ100 ዓመቱ አረፈ። እ.ኤ.አ. በ1979 ደግሞ የጉራጌ ቋንቋዎችን ቃላት ከነምንጫቸው የሚተነትን ሦስት ቅጽ መዝገበ ቃላት አሳትሟል። ሦስት ቅጽ! ለአባቴ ነገርኩት። ይገረማል ብዬ ስጠብቅ፣ ብርድ ልብሱን እያጣጠፈ እንዲህ አለኝ፦

«እሱንስ ማነው ያስተማረው?»

ጥያቄዋ ቀላል ትመስላለች። እኔን ግን ለሳምንት አላስተኛችኝም። ምክንያቱም ስለነዚህ ሰዎች በተጻፈው ሁሉ ላይ ያቺን ጥያቄ ስትጠይቁ፣ ከጀርባ ሌላ ሰው ብቅ ይላል። አንዳንዴም ያ ሰው የእኛው አገር ሰው ነው።

ጀርመናዊውን ሂዮብ ሉዶልፍን እንውሰድ። 25 ቋንቋ ያውቅ ነበር ይባላል። ግዕዝን በወጣትነቱ ከመጻሕፍት ተማረ፤ ሲነገር ግን ሰምቶ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ሄዶ እዚያ ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ፊት ግዕዝ ሲያነብ፣ አነባበቡ አሳቃቸው። መተርጎም ሲጀምር ግን ተገረሙ። ከመነኮሳቱ አንዱ ከአማራ ምድር የወጡት አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ። ሁለቱ ሰዎች መጀመሪያ ላይ አንድ የጋራ መነጋገሪያ ቋንቋ እንኳ አልነበራቸውም። መጨረሻ ላይ የተግባቡት በግዕዝ ነው፤ ለአንዱ የመጽሐፍ፣ ለሌላው የቤተክርስቲያን ቋንቋ በሆነው።

አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1652 ተጋብዘው ጀርመን፣ ጎታ ከተማ ድረስ ሄዱ፤ ሉዶልፍንም አማርኛ አስተማሩት፤ ስለ አገራቸው የጠየቃቸውንም ሁሉ ነገሩት። በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰበረና ባሕር ላይ ቀሩ። ሉዶልፍ ከእሳቸው በሰማው ላይ ተመሥርቶ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። በእርግጥ ሉዶልፍ የመምህሩን ስም አልደበቀም፤ በክብር ጠቅሷቸዋል። ቆጠራው ላይ ግን «25 ቋንቋ» ተብሎ የተመዘገበለት እሱ ነው። የአባ ጎርጎርዮስን ማን ቆጠረ?

ሌላው እንግሊዛዊው ዊልያም ጆንስ ነው። በ28 ቋንቋ ስሙ ይነሳል። ከጎንደር ተነስተው ኢየሩሳሌምን፣ ፋርስንና ሕንድን የዞሩት አቡ ሩሚ፣ ሕንድ ሳሉ የዚህ ሰው አስተማሪ እንደነበሩ ተጽፎላቸዋል። አቡ ሩሚ ከአማርኛ ሌላ አረብኛ፣ ፋርስኛ፣ ጣሊያንኛና ግሪክኛ ይችሉ ነበር። በኋላ ካይሮ ላይ ታመው ሳለ የፈረንሳይ ቆንስላ ባለሥልጣን አስታመማቸውና መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ እንዲተረጉሙ አደረገ። አሥር ዓመት ፈጀ፤ 9,539 ገጽ ወጣው። እሳቸው በወረርሽኝ ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ1820 ጽሑፉ ለእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በ1,250 ፓውንድ ተሸጠ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1840 ሲታተም ተርጓሚው ከሞቱ ሃያ ዓመት አልፏቸው ነበር።

ኢኮኖሚክስ የተማርኩ ስለሆንኩ ዋጋ የተጻፈበት ነገር ዓይኔን ይይዘዋል። 1,250 ፓውንዱ ተመዝግቧል። ካይሮ ውስጥ አሥር ዓመት ሙሉ ቃል ሲመርጡ የኖሩት ሽማግሌ ልፋት ግን ሻጭም ገዢም ሳይኖረው ቀርቷል። ገበያ የሚያየው የተጻፈውን ነው፤ የተነገረውን አያይም።

ይህን ሁሉ ለአባቴ ከነገርኩት በኋላ፣ ለዓመታት ያልጠየቅኩትን ጠየቅኩት። «አባዬ፣ ለምን ጉራጊኛ አላስተማርከኝም?»

ቶሎ አልመለሰልኝም። አንድ ደንበኛ ሸኘና ተቀመጠ። «ልጅ ሆኜ አማርኛ ስናገር ይስቁብኝ ነበር» አለኝ። «አንተም እንዳይሳቅብህ ብዬ ነው። አማርኛህ እንዳይሰበር።»

ምን ልበለው? ለእኔ ብሎ ነው። አማርኛዬ አልተሰበረም፤ የተሰበረው ከአያቴ ጋር የሚያገናኘኝ ድልድይ ነው። አያቴ ከመሞቷ በፊት ትይዘኝና ረጅም ነገር ትነግረኝ ነበር። እኔ ፈገግ እላለሁ። ምን እንዳለችኝ አላውቅም። ያንን የትኛውም ሦስት ቅጽ መዝገበ ቃላት አይመልስልኝም።

ሉዶልፍም ተስቆበታል። ልዩነቱ ከሳቁ በኋላ አለመሄዱ ነው፤ እዚያው ተቀምጦ ጠየቀ። እናንተም ቤታችሁ ውስጥ አንድ አባ ጎርጎርዮስ ሳይኖር አይቀርም። እናታችሁ ወይም አጎታችሁ፣ አለዚያም ግቢያችሁን የሚጠብቁት አባባ ሊሆኑ ይችላሉ። እጃችሁ ላይ ያለው ስልክ ድምፅ ይቀዳል። ሉዶልፍ ይህ አልነበረውም።

እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብዬ መማር ጀምሬያለሁ። አንድ ቃል አባቴ ይላል፣ እኔ እደግማለሁ፣ ዕቃ የሚያወርደው ልጅ ይስቃል። ትናንት አክስቴ ስትደውል ስልኩን እኔ አነሳሁና የተማርኳትን ሰላምታ አልኳት። ለትንሽ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ መሳቅ ጀመረች፤ ሳቋም አላቆም አለ።

ስልኩን ለአባቴ አልሰጠሁትም። ሁለተኛዋን ቃል ሞከርኩ።