የእንቁጣጣሽ ካርድ በጅቡቲ ከተማ፤ በውሃ ቀለም እርሳስና በእጅ ማኅተም

እንደሚታወቀው በአገራችን በእንቁጣጣሽ ልጃገረዶች አደይ አበባ ይዘው አበባየሆሽ ሲጨፍሩ፣ ወንዶቹ ልጆች ደግሞ በእጃቸው የሣሉትን የአበባ፣ የፀሐይና የመላእክት ሥዕል ይዘው በየቤቱ ይዞራሉ፤ ሥዕሉን ሰጥተውም ሳንቲም ይቀበላሉ። በጅቡቲ ከተማ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ግን ይህን ልማድ እንዳለ ማስኬድ ያስቸግራል። አደይ አበባ የደጋና የወይና ደጋ ተክል ስለሆነ በዚያ ሞቃት የባሕር ዳርቻ አይገኝም። እዚያ ተወልዶ ያደገ ልጅ አደይ አበባ ሣል ሲባል ብዙውን ጊዜ ሱፍ አበባ ሥሎ፣ መኻሉን አጥቁሮ ያመጣል። የአደይ አበባ መኻል ግን እንደ ቅጠሎቹ ቢጫ ነው። በስልክ የሚላከው የተዘጋጀ ሥዕል ይህን አያስተምረውም፤ ራሱ ሲሥለው ግን ይጠይቃል።

ለሥራው የምንመርጠው የውሃ ቀለም እርሳስ ነው። መልኩ እንደ ማንኛውም ባለ ቀለም እርሳስ ሲሆን፣ ልዩነቱ ቀለሙን አጣብቆ በያዘው ነገር ላይ ነው። ተራው ባለ ቀለም እርሳስ በሰምና በቅባት የተያያዘ በመሆኑ ውሃ አይገባውም። የውሃ ቀለም እርሳስ ግን በውሃ በሚሟሟ ማጣበቂያ የተሠራ ነው፤ ለውሃ ቀለም ከጥንት ጀምሮ የሚያገለግለው ማጣበቂያ ከግራር ዛፍ የሚገኘው ሙጫ ነው። ከገበያ የተገዛው እርሳስ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ወረቀት ላይ ጫር ጫር አድርጎ በረጠበ ጣት ማሸት ይበቃል። ከተሟሟ የፈለግነው ነው።

እኛም መጀመሪያ ከልጆች ጋር ስንሠራ የተሳሳትነው በዚሁ ሙጫ ጠባይ ነው። ቀለሙን አወፍረን፣ ውሃውንም አብዝተን ነበር። ካርዶቹ በእጅ ሲነኩ ደረቅ ስለመሰሉን አንዱን በሌላው ላይ ደርድረናቸው አደርን። ጧት ግማሾቹ ፊት ለፊት ተጣብቀው ጠበቁን፤ ስናላቅቃቸውም የአንዱ አበባ ወደ ሌላው ተዛወረ። እንቁጣጣሽ ሊገባ የቀረው ሁለት ቀን ብቻ ስለነበር ልጆቹ ማልቀስ ቀራቸው። በመስከረም የጅቡቲ አየር ከሙቀቱ ሌላ ከባሕሩ የሚመጣ ከባድ እርጥበት አለው። ሙጫው ይህን እርጥበት መጥጦ መልሶ ይለሰልሳል፤ ወረቀቱም አብጦ ይጠማዘዛል። ከዚያ ወዲህ ካርዶቹን ለየብቻ በገመድ ላይ እንሰቅላለን፤ ቤት ውስጥ የአየር ማራገቢያ ካለ ደግሞ በጣም ይረዳል። የደብተር ወረቀት አይሆንም። ወፍራም የሥዕል ወረቀት ባይገኝ የሸሚዝ ማሸጊያ ካርቶን ነጩ ገጽ ጥሩ ነው።

አሣሣሉ ከደማቅ ብርሃን ወደ ጥላ የሚሄድ ነው። ቢጫው በደረቁ ይቀባል፤ ብሩሹ ውሃ ነክቶ በጨርቅ ከተጨመቀ በኋላ ከቅጠሉ ጫፍ ወደ መኻል አንድ ጊዜ ብቻ ይሳባል። ሲደርቅ ከቅጠሎቹ ሥር ጥቂት ብርቱካናማ፣ በመጨረሻም አረንጓዴው ይጨመራል። ነጭ ቀለም አያስፈልግም፤ ነጩ ራሱ ወረቀቱ ነው።

ማኅተሙን ከድንች መቅረጽ ይቻላል፤ ነገር ግን በዚያ ሙቀት ድንቹ በአንድ ቀን ይጨማደዳል። ላጲስ ይሻላል። ምላጩን መምህሩ ራሱ ቢይዝ እንመርጣለን። እዚህ ላይ ለሒሳብ መምህራን የሚሆን ትምህርት አለ፤ ማኅተም እንደ መስተዋት ይገለብጣልና። ሰ፣ በ እና ጠ ቢገለበጡም ብዙ አይለወጡም። እንቁጣጣሽ ከሚለው ቃል ግን አንድም ፊደል ከመገልበጥ አይድንም። የጥንት የነገሥታት ማኅተም ቀራጮችም የታገሉት ከዚሁ ጋር ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ፊደሉን በለስላሳ እርሳስ በስስ ወረቀት ላይ አድምቆ መጻፍ፣ ወረቀቱን በላጲሱ ላይ ደፍቶ ጀርባውን በማንኪያ ማሸት። ፊደሉ ተገልብጦ ላጲሱ ላይ ይቀራል፤ ዙሪያው ተቆርጦ ሲወጣ ፊደሉ ከፍ ብሎ ይታያል። ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ላጲስ ያስፈልጋል፤ «ጣ» ሁለት ጊዜ ስለሚገባ አምስት ይበቃሉ።

ማኅተሙ ይቅደም ወይስ ቀለሙ? ይህ የሚወሰነው በማኅተሙ ቀለም ነው። በቢሮ የምንጠቀምበት የማኅተም ቀለም አብዛኛውን ጊዜ በውሃ ስለሚሟሟ፣ ቀድሞ ከተመታ ብሩሹ ሲነካው ቢጫውን ያቆሽሸዋል፤ ስለዚህ ሥዕሉ ከደረቀ በኋላ ይመታል። ውሃ የማይነካው የኅትመት ቀለም ከተገኘ ግን የአበባውን ዙሪያ መሥመር አስቀድሞ አትሞ ውስጡን በእጅ መቀባት ይቻላል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1843 ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው የገና ካርድም የተሠራው እንዲሁ ነበር፤ መሥመሩ በድንጋይ ማተሚያ ታትሞ ቀለሙ በእጅ ተቀባ።

በካርዱ ጀርባ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ማስጻፍ ደግ ነው፤ በጅቡቲ ልጆቹ በትምህርት ቤት የሚጠቀሙበት የፈረንጆቹን ነውና። መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ቀን ስትሆን ግን ወደ 12 ይሸጋገራል። ካርዱ ድሬዳዋ ላሉ አያት በባቡር ተጓዥ እጅ የሚላክ ከሆነ በሁለት ካርቶን መኻል ተደርጎ በላስቲክ ይጠቅለል። ቀለሙ ከደረቀ በኋላም ውሃ ሲያገኝ ይሟሟል፤ የእጅ ላብም ይበቃዋል። ስለዚህ በካርዱ ዙሪያ አንድ ጣት የሚያህል ያልተቀባ ጠርዝ እናስቀራለን፤ ተቀባዩ የሚይዘው በዚያ በኩል ነው።