ጂሜይል አምጡ የሚለው ስልክ

ሐረር ሸዋ በር አካባቢ ስልክ እጠግናለሁ። ከድሬ ጠያራ የሚመጡ ደንበኞች አሉኝ፤ ገበያ ሲወጡ በዚያው ስልካቸውን ያሳዩኛል። ስክሪን የተሰበረበት ስልክ ቀላል ነው። የሚያስቸግረኝ ምንም ሳይሰበር የተቆለፈው ነው።

በቅርቡ አንዲት እናት ልጆች ነካክተው ሪሴት ያደረጉት ስልክ ይዘው መጡ።

«አቦ ምን ልሁን? ሲከፈት ጂሜይል አምጪ ይለኛል» አሉ።

«ማን ከፈተልዎት እናቴ?»

«የሸጠልኝ ልጅ ነዋ! እኔ ምኑን አውቄው!»

ፕሌይ ስቶር ያለ ጎግል አካውንት አፕ አያወርድም። ስለዚህ ሻጩ በራሱ ቁጥር ጂሜይል ከፍቶ፣ ዋትስአፕና ቴሌግራም ጭኖ ሸኝቷቸዋል። ፓስወርዱን አያውቁትም፤ የማረጋገጫ ኮዱም የሚሄደው ወደ ሻጩ ነው። ቤት ሸጦ ቁልፉን ይዞ እንደመቅረት ነው። የልጃቸው የኒካህ ፎቶም ባክአፕ ተደርጎ ከሆነ ያለው እዚያው ጂሜይል ውስጥ ነው።

ከሪሴት በኋላ የቀድሞውን ጂሜይል የሚጠይቀው የስልኩ ቁልፍ ራሱ መጥፎ አይደለም። አፕል ከ2013፣ አንድሮይድ ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያመጡት ሌባ የሰረቀውን ስልክ ሪሴት አድርጎ እንዳይጠቀምበት ነው። ባክአፕም ቢሆን ስልኩ የጠፋበትን ሰው ቁጥሮቹንና ፎቶዎቹን መልሶ ያስገኝለታል፤ ጎግል 15፣ አፕል 5 ጊጋባይት በነጻ ይሰጣሉ። ጎግል ግን ሁለት ዓመት ያልተነካ አካውንትን ከነፎቶው ሊሰርዝ ይችላል።

የምቃወመው አካውንት የግድ መሆኑን ነው። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌብር ገንዘብ እንልካለን፤ *127# ብሎ ለሚደውል ሰው ባለ ቁልፍ ስልክና ሲም ካርድ ይበቃዋል፣ ጂሜይል የሚጠይቀው የለም። ገንዘብ ለመላክ ያላስፈለገ ጂሜይል ነጻ አፕ ለማውረድ ለምን የግድ ይሆናል? ኤፍድሮይድ የሚባለው የአፕ ማከማቻ ከ2010 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ አካውንት አፕ ያወርዳል። ስለዚህ የሚከለክለው ቴክኒኩ ሳይሆን የኩባንያዎቹ ምርጫ ነው። ነጻ አፕ ያለ አካውንት ይውረድ፤ ባክአፕም ወደ ሚሞሪ ካርድ በአንድ ንክኪ ይደረግ። አካውንት የሚፈልግ ይክፈት፣ የማይፈልግ ይለፈው።

እስከዚያው ግን ስልክ ስትገዙ ጂሜይሉ በራሳችሁ ቁጥር ይከፈት። ፓስወርዱን ራሳችሁ አውጡ፣ ደብተር ላይ ጽፋችሁ ቤት አስቀምጡ። ፎቶዎቻችሁን አልፎ አልፎ ሚሞሪ ላይ ገልብጡ። ስልኩን ስትሸጡ ደግሞ መጀመሪያ አካውንታችሁን ከውስጡ አውጡ። ሻጩ «እኔ በራሴ ልክፈትላችሁ» ካለ፣ እሺ አትበሉት።