«ኔትዎርክ የለም» ከማለት በፊት

የመንግሥት ሥራ በቃል ሊታዘዝ ይችላል፤ ነገር ግን በጽሑፍ ካልሰፈረና ማኅተም ካላረፈበት የጸና ሥራ ሆኖ አይቈጠርም። ስለዚህ ከጥንት ጀምሮ ጽሕፈት ቤት ያለ ጸሓፊ፥ ጸሓፊም ያለ ብዕርና ያለ ቀለም ሊኖር አልቻለም። ዛሬ የብዕሩን ስፍራ ኮምፒውተር፥ የቀለሙንም ስፍራ ፕሪንተር የሚባለው ማተሚያ ይዞታል። እንዲህም ስለ ሆነ ፕሪንተሩ አልታዘዝ ያለ ጊዜ የሚቆመው አንድ መሣሪያ ብቻ ሳይሆን የጽሕፈት ቤቱ ሥራ በሙሉ ነው፤ በደጅ የሚጠባበቀውም ባለጉዳይ ከሥራው ጋራ አብሮ ይቆማል።

ነገሩን ከአንድ ስፍራ አንሥተን እንመልከተው። ኩታበር በደቡብ ወሎ ከደሴ ወደ ሰሜን ምዕራብ የምትገኝ የወረዳ ከተማ ናት፤ ወረዳዋም ከአምባሰል፥ ከተሁለደሬና ከደሴ ዙሪያ ጋራ ይዋሰናል። አገሩ ደጋና ተራራማ ስለ ሆነ ከሩቅ ቀበሌ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ለሚመጣ ሰው መንገዱ ቀላል አይደለም። የሚመጣበትም ጉዳይ እንደ መንገዱ የከበደ ነው፤ አንዱ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫውን፥ ሌላው የልጁን የልደት ምስክር ወረቀት፥ ሌላዋ የፍርድ ግልባጯን ትሻለች። የልደት፥ የጋብቻ፥ የፍችና የሞት ምዝገባ በ2004 ዓ.ም. በዐዋጅ ቍጥር 760 ተደንግጎ ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ፥ እንዲህ ያለው ወረቀት ለሰው ሁሉ የግድ ሆኗል። ከቤተ ክህነት የሚወጣው የጥምቀት ምስክር ወረቀትና ከሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚሰጠው የውርስ ውሳኔም ቢሆን ዛሬ የሚጻፈው በዚሁ መሣሪያ ነው።

እንግዲህ ይህ ሰው ከማለዳ ጀምሮ ተጕዞ በመስኮቱ ፊት በቆመ ጊዜ «ኔትዎርክ የለም፤ ነገ ይመለሱ» የሚል መልስ ቢሰጠው፥ የአንድ ቀን ሥራው፥ የስንቁ ዋጋና የማደሪያው ወጪ በከንቱ ይቀርበታል። መልሱ እውነት ከሆነ ችግሩ የአገር ነውና ይታገሣል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ይህ ቃል እውነት አይደለም፤ የሚነገረውም በክፋት ሳይሆን ባለማወቅ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ማስረዳት ነው።

«ኔትዎርክ» በሚለው በአንድ ስም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይጠራሉ። አንደኛው የሩቁ ነው፤ ይኸውም ከከተማው ተነሥቶ በፋይበር ገመድ፥ በሞባይል ወይም በሳተላይት ወደ ደሴ፥ ወደ ባሕር ዳር፥ ወደ አዲስ አበባና ወደ ዓለም የሚደርሰው መሥመር ነው። ከ1990ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ጀምሮ ወረዳዎችን ከበላይ መሥሪያ ቤቶች ጋራ ለማገናኘት የተዘረጋው ወረዳ ኔት ከዚህ ወገን ነው። ሁለተኛው የቤቱ ነው፤ ይኸውም በአንድ ግቢ ውስጥ ያሉትን ኮምፒውተሮችና ፕሪንተሮች በገመድ ወይም በዋይፋይ የሚያገናኘው ትንሹ መረብ ሲሆን፥ መካከሉ ስዊች ወይም ራውተር የሚባለው ሣጥን ነው። ከጸሓፊው ጠረጴዛ በሚቀጥለው ክፍል ወዳለው ፕሪንተር የሚሄደው ጽሑፍ የሚጓዘው በሁለተኛው ነው። ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ በናዳ ቢዘጋ ጎረቤት ከጎረቤት እሳት መጫጫር እንደማይከለከል፥ የሩቁ መሥመር ቢቋረጥም የቤቱ መረብ ሥራውን አያቋርጥም። እርግጥ የሚታተመው ቅጽ ራሱ በሩቅ ሰርቨር የተቀመጠ እንደ ሆነ መጠበቅ ግድ ነው። በዚህ ኮምፒውተር ላይ ተጽፎ ያለቀ ደብዳቤ ግን የሩቁን መሥመር አይጠብቅም። ይህ ሳይሆን ቀርቶ ደብዳቤው በአሥር እርምጃ ርቀት ካለው ማተሚያ መድረስ ካቃተው «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» እንደሚባለው ነው።

የነገሩም አመጣጥ ይህንኑ ያስረዳል። በአሜሪካ አገር በፓሎ አልቶ፥ በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ቤት፥ ጌሪ ስታርክዌዘር በጨረር የሚያትመውን ፕሪንተር ሠራ። በዚያው ቤት ሮበርት ሜትካልፍ በግንቦት ወር 1965 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1973) ኤተርኔት የተባለውን የመረብ አሠራር በጽሑፍ አቀረበ። መረቡ ከተፈለገባቸው ምክንያቶች አንዱ ብዙ ኮምፒውተሮች በአንድ ፕሪንተር ይጠቀሙ ዘንድ ነው። ስለዚህ የቤቱ መረብና ፕሪንተሩ ከመጀመሪያው አብረው ያደጉ ናቸው።

አሁን ወደ ምርመራው እንመለስ። ሐኪም በሽተኛውን ሳይመረምር መድኃኒት እንደማያዝ፥ ፕሪንተርም ሳይመረመር አይነካካም። የምርመራውም ሥርዓት ከቅርብ ወደ ሩቅ፥ ከሚታየው ወደማይታየው መሄድ ነው።

መጀመሪያ መብራቱንና ገመዱን ማየት ይገባል። የኔትዎርኩ ገመድ በፕሪንተሩም በስዊቹም ጫፍ ተሰክቶ፥ በመሰኪያው አጠገብ ያለችው ትንሽ መብራት መብራት አለባት። ካልበራች ገመዱ ተነቅሏል፥ ወይም ተቈርጧል፥ ወይም ስዊቹ ኤሌክትሪክ የለውም። ኤሌክትሪክ ጠፍቶ በተመለሰ ጊዜ ደግሞ ቅደም ተከተል አለ፤ አስቀድሞ ራውተሩና ስዊቹ፥ ጥቂት ደቂቃ ቈይቶ ፕሪንተሩ፥ በመጨረሻም ኮምፒውተሩ ይነሣሉ። ምክንያቱም ፕሪንተሩ ሲነሣ አድራሻ ከራውተሩ ይጠይቃል፤ ራውተሩ ገና ካልተነሣ ሰጪ የለውምና ባዶውን ይቀራል።

ሁለተኛ ፕሪንተሩ ስለ ራሱ እንዲመሰክር ማድረግ ነው። በኔትዎርክ የሚሠራ ፕሪንተር ከራሱ ቍልፍ ወይም ከራሱ ማውጫ ታዝዞ ሁኔታውን የሚገልጽ ገጽ ያትማል። ይህ ገጽ በደኅና ከወጣ ቀለሙ፥ ወረቀቱና አካሉ ጤነኛ ነው፤ ጉድለቱ በመገናኛው ነው ማለት ነው። በገጹም ላይ አይፒ አድራሻ የሚባል በነጥብ የተለያየ አራት ቍጥር ይገኛል። አድራሻው 0.0.0.0 ከሆነ ፕሪንተሩ ከመረቡ አልገባም። በ169.254 የሚጀምር ከሆነ አድራሻ ሰጪውን ፈልጎ ስላጣ ለራሱ ስም አውጥቷል፤ ስለዚህ ራውተሩን መመርመር ይገባል። እንደ 192.168.1.50 ያለ ከሆነ ግን ፕሪንተሩ አድራሻ አለውና ወደሚቀጥለው ማለፍ ነው።

ሦስተኛ የፕሪንተሩን አድራሻ ከኮምፒውተሩ አድራሻ ጋራ ማስተያየት ነው። በትናንሽ ጽሕፈት ቤቶች በተለመደው አሠራር የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቍጥሮች አንድ፥ የመጨረሻው ግን የተለያየ ሊሆን ይገባል። ሦስቱ ከተለያዩ ሁለቱ መሣሪያዎች በአንድ ቤት ተቀምጠው በሁለት መንደር ይኖራሉ። አንድ ከሆኑ ደግሞ በኮምፒውተሩ ላይ ፒንግ የሚባለውን ትእዛዝ ከፕሪንተሩ አድራሻ ጋራ ጽፎ መልስ መጠበቅ ነው። መልስ ከመጣ መንገዱ ክፍት ነውና ጉድለቱን ከኮምፒውተሩ ዘንድ መፈለግ ይገባል።

አራተኛውና ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው የአድራሻ መለወጥ ነው። ራውተር አድራሻ የሚሰጠው ለዘለቄታው ሳይሆን ለተወሰነ ጊዜ በውሰት ነው። ፕሪንተሩ ጠፍቶ በተነሣ ጊዜ ሌላ ቍጥር ሊደርሰው ይችላል፤ ኮምፒውተሩ ግን ደብዳቤውን ወደ ቀድሞው ቍጥር መላኩን ይቀጥላል። ይህም ወደ ሌላ ደብር ለተዛወረ አስተዳዳሪ በቀድሞው ደብሩ ስም እንደ መጻፍ ነው፤ ተላላኪው ሳያጠፋ፥ ተቀባዩም ሳይታመም መልእክቱ ይቀራል። መድኃኒቱ ለፕሪንተሩ የማይለወጥ አድራሻ በራውተሩ መዝገብ ማስከበር ነው። ይህ ሲደረግ አንድ ቍጥር ለሁለት መሣሪያ እንዳይሰጥ መጠንቀቅ ያሻል፤ አንድ ቍጥር ለሁለት የደረሰ እንደ ሆነ ሁለቱም አንዴ እየታዩ አንዴ እየጠፉ ይቸገራሉና።

አምስተኛ የተራውን መዝገብ ማየት ነው። ኮምፒውተር የሚታተመውን ጽሑፍ በተራ ያስቀምጣል፤ ከፊት ያለው አንዱ ከተሰናከለ የኋላው ሁሉ ይቆማል። ጸሓፊው ግን አልወጣም ብሎ ትእዛዙን አሥር ጊዜ ይደጋግማል፤ መገናኛው በተመለሰ ጊዜ አንዱ ደብዳቤ አሥር ሆኖ ይወጣል። በዚህም ወረቀት ይባክናል፤ ከዚህም የሚከፋው የሰው ምሥጢር የያዘ ጽሑፍ ባለቤት ሳይኖረው በፕሪንተሩ ላይ ተበትኖ መገኘቱ ነው። ስለዚህ ተራውን ማጽዳት፥ «ከመሥመር ውጪ» የሚለው ምልክት ተደርጎ እንደ ሆነም ማንሣት ያስፈልጋል።

ስድስተኛ ፕሪንተሩ የተገናኘው በዋይፋይ እንደ ሆነ የይለፍ ቃሉ ተለውጦ እንደ ሆነ መጠየቅ ነው፤ ሠራተኛው ሁሉ አዲሱን ቃል ሲነገረው ለፕሪንተሩ የሚነግረው ሰው አይገኝምና። ደግሞም ብዙ ፕሪንተሮች የሚቀበሉት የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ብቻ ስለ ሆነ ራውተሩ በ5 ጊጋኸርዝ ብቻ ሲያሰራጭ አያዩትም። ፕሪንተር ከተቀመጠበት የማይንቀሳቀስ ዕቃ ነውና በተቻለ መጠን በገመድ ቢሠራ ይሻላል።

ሰባተኛ ፕሪንተሩ በሌላ ሠራተኛ ኮምፒውተር አማካይነት የሚሠራ ከሆነ ያ ኮምፒውተር ሲዘጋ የሁሉም ሥራ ይዘጋል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት በዊንዶውስ የኅትመት ክፍል ለሰርጎ ገቦች የሚመች ከባድ ቀዳዳ ተገኝቶ፥ ማይክሮሶፍት ጥበቃውን እያጠበቀ ስለ ሄደ፥ በ2014 ዓ.ም. መስከረም ወር ከወጣው ማሻሻያ በኋላ በዚህ ዓይነት የሚሠሩ ብዙ ፕሪንተሮች በየአገሩ ግንኙነታቸው ተቋርጦ ነበር። አንዳንድ ሰዎች ጥበቃውን ማንሣት መፍትሔ ነው ይላሉ፤ ይህ ግን ቍልፍ አስቸገረኝ ብሎ በርን እንደ መንቀል ነው። ትክክለኛው ኮምፒውተሮቹን ሁሉ እኩል ማሻሻልና እያንዳንዱን ከፕሪንተሩ ጋራ በአድራሻው በቀጥታ ማገናኘት ነው።

ይህ ሁሉ ምርመራ ጊዜ የሚወስድ እንደ ሆነ ግን ከሁሉ የሚቀድም አንድ ነገር አለ። አንድ የዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተሩ ወደ ፕሪንተሩ በቀጥታ ቢሰካ፥ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ምንም መረብ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ማተም ይቻላል። እንግዲህ መጀመሪያ የባለጉዳዩ ወረቀት ይውጣ፤ ምርመራው ከዚያ በኋላ ይቀጥል። ከሩቅ ቀበሌ የመጣች እናት የራውተሩን ጤንነት እንድትጠብቅ አይገባም።

ለጽሕፈት ቤት ኀላፊዎችም ብዙ ገንዘብ የማያስወጣ አራት ነገር ማሳሰብ እንወዳለን። በየፕሪንተሩ አጠገብ አንድ ደብተር ይቀመጥ፤ የፕሪንተሩ አድራሻ፥ ጉድለት የታየበት ቀንና የተደረገለት ነገር ይጻፍበት፤ በዚህ ዓመት የታወቀው በሚመጣው ዓመት እንደ አዲስ እንዳይፈለግ። ደግሞም በየክፍሉ አንድ ሠራተኛና አንድ ምትክ ይህን ምርመራ ይማሩ፤ ለተነቀለ ገመድ ባለሙያ ከደሴ መጥራት ለባለሙያውም ለሥራውም ጉዳት ነው። ሦስተኛው ስዊቹና ራውተሩ ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ በሚያቆየው ባትሪ ላይ ይሁኑ፤ የጨረሩ ፕሪንተር ግን ቀለሙን በሙቀት ለማጣበቅ ብዙ ኀይል ስለሚስብ ከትንሹ ባትሪ ላይ አይሰካ። አራተኛውና የሚበልጠው ለባለጉዳይ እውነቱ ይነገረው፤ የጠፋው የሩቁ መሥመር ነው ወይስ የቤቱ፥ መቼስ ይመለሳል ብለን እንገምታለን፤ ይህን የሰማ ሰው ማደርም መመለስም ቢሆን በራሱ አስቦ ይወስናል።

አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ። መረብ የሚባለውም ይኸው የድር ማበር ነው፤ ነገር ግን ድሩ የሚያብረው የሚፈትለውና የሚያያይዘው እጅ ሲኖር ነው። ገመዱን የሚያይ፥ አድራሻውን የሚመዘግብና ለባለጉዳዩ የሚያዝን ሠራተኛ ባለበት ጽሕፈት ቤት «ኔትዎርክ የለም» የሚለው ቃል የሚነገረው በእውነት በሌለ ጊዜ ብቻ ይሆናል።