የዋልያዎቹ ቅጥር በወርኃ ጥር

ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰው፣ በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ይመራ የነበረው ብሔራዊ ቡድናችን፣ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ቢወጣበትም፣ በ10 ሰው ባለ ዋንጫዋን ዛምቢያን 1 ለ 1 መግታቱን ከእስቴ መካነ ኢየሱስ እስከ ሐረር ያለ የኳስ ወዳጅ ያስታውሰዋል። ዳሩ ግን በአራተኛው ቀን ያው የመከላከያ መሥመር በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ተደረመሰ፤ ይልቁንም የሚያስደንቀው፣ ሦስቱ ግቦች የተቆጠሩት ባላጋራው በ10 ሰው ከቀረ በኋላ መሆኑ ነው። የጎደለ ቡድን ተሰብስቦ በሩን ይጠብቃል፤ የሞላው ግን ግብ ፍለጋ ኃይሉን ሁሉ ወደ ፊት ሲያፈስ፣ ተከላካዮቹም እስከ መሐል ሜዳ ሲወጡ፣ ከኋላቸው የሚቀረው ባዶ ሜዳ እንደ ቡርኪና ፋሶው ጆናታን ፒትሮይፓ ላለ ፈጣን ሯጭ የተከፈተ ደጅ ይሆናል። ዋልያዎቹ በአስተርእዮ ማርያም ዕለት ናይጄሪያን ለረጅም ጊዜ ቢገቱም፣ ቪክቶር ሞሰስ በሁለት ፍጹም ቅጣት ምቶች አሰናበታቸው።