አንድ ጊዜ በቀዶ የወለደች እናት ሁለተኛውን ልጅ በምን መንገድ ትወልዳለች?

አንዲት ወይዘሮ የመጀመሪያ ልጇን በቀዶ ሕክምና፥ በተለምዶ ኦፕራሲዮን በሚባለው መንገድ፥ ከወለደች በኋላ እንደ ገና ባረገዘች ጊዜ በቤተ ሰቡ መካከል አንድ ብርቱ ጥያቄ ይነሣል። ይኸውም ሁለተኛውን ልጅ በምጥ፥ እንደ ተፈጥሮ ሥርዓት፥ ትወልደው ዘንድ ይሻላልን፥ ወይስ እንደ ገና በሐኪም ምላጭ ይውጣላት የሚል ነው። እናቷ «አንድ ጊዜ የተቀደደ ሆድ ምጥ አይችልም» ትላለች፤ አማቷ ደግሞ «እኛ ስንቱን በቤታችን ወለድን» ብላ ትመልሳለች፤ ባልየው ግን ነገሩ የሴቶች ጉዳይ ነው በማለት አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላል። ይህ ዝምታ አይበጅም። ነገሩ የእናትንም የሕፃንንም ሕይወት የሚነካ ስለ ሆነ፥ የሕክምና ሊቃውንት መርምረው የደረሱበትን ወንዱም ሴቱም አስቀድሞ ሊያውቀው የተገባ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

አስቀድመን ስለ ጥበቡ ታሪክ ጥቂት እንናገር። አውሮፓውያን ይህን ቀዶ በቄሣር ስም ይጠሩታል፤ ብዙ ሰዎችም ዩልዮስ ቄሣር የእናቱ ሆድ ተቀዶ ስለ ተወለደ ነው ይላሉ። ነገር ግን እናቱ አውሬልያ ልጅዋ ጐልማሳ ሆኖ የጦር አለቃ እስኪሆን ድረስ በሕይወት ስለ ነበረች፥ በዚያም ዘመን ሆዷ ተቀዶ የዳነች ሴት ትኖራለች ተብሎ ስለማይታመን፥ ተረቱ እውነት አይመስልም። እስከ ዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ድረስ ሐኪሞች ሕፃኑን ካወጡ በኋላ የማሕፀኑን ቅድ ሳይሰፉ ይተዉት ነበርና ከእናቶቹ የሚተርፉት ጥቂቶች ነበሩ። በ1876 ዓ.ም. በኢጣልያ አገር በፓቪያ ከተማ ኤድዋርዶ ፖሮ የተባሉ ሐኪም ደሙን ለማቆም ማሕፀኑን ቈርጠው አወጡ፤ እናቲቱም ዳነች፥ ዳግመኛ መውለድ ግን ቀረባት። በ1882 ዓ.ም. ደግሞ ማክስ ዜንገር የተባሉ የላይፕሲግ ሐኪም የማሕፀኑን ቅድ በሚገባ በክር መስፋትን አስተማሩ። ዛሬ የምንነጋገርበት ጥያቄ የመጣው ከዚህ ስፌት ነው፤ ማሕፀኗ ተሰፍቶ የዳነላት ሴት ዳግመኛ ማርገዝ ትችላለችና።

በ1916 ዓ.ም. በኒው ዮርክ የነበሩት ዶክቶር ኤድዊን ክራጊን አንድ ጊዜ በቀዶ የወለደች ሴት ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ በቀዶ ትወልዳለች የሚል ቃል ጻፉ። ቃሉም በዓለም ሁሉ ተሰምቶ እንደ ሕግ ተቈጠረ። እርሳቸው ግን ይህን ያሉት ባልንጀሮቻቸው ሐኪሞች የመጀመሪያውን ቀዶ በችኮላ እንዳያደርጉ ለማስጠንቀቅ ነበር፤ ከዚህ ደንብ ውጭ የሚሆኑ ሴቶች መኖራቸውንም ራሳቸው አልካዱም። በዚያን ዘመን ማሕፀን የሚቀደደው ከላይ ወደ ታች፥ በወፍራሙ ሥጋ ላይ ነበር። ይህ የላይኛው ክፍል በምጥ ጊዜ እየተኰማተረ ሕፃኑን ወደ ታች የሚገፋው ስለ ሆነ፥ በላዩ ያለ ጠባሳ በእያንዳንዱ ምጥ ይወጠራል። የታችኛው ክፍል ግን ስስ ነው፤ እየተለጠጠ መንገድ ይሰጣል እንጂ እርሱ አይገፋም። የግላስጎው ሐኪም ሙንሮ ኬር ከ1920 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ዓመታት ቅዱ በዚህ በታችኛው ክፍል ላይ አግድም ይሁን ብለው አጥብቀው አስተማሩ፤ ዛሬም በዓለም የሚደረገው አብዛኛው ቀዶ በዚሁ ዐይነት ነው። ስለዚህ የክራጊን ቃል ለዛሬይቱ እናት ሁሉ አይሠራም።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንለምነው አንድ ነገር አለ። በሆድ ቆዳ ላይ የሚታየው ጠባሳ በማሕፀን ላይ ያለውን ጠባሳ አያስታውቅም። ቆዳው አግድም ተቀዶ ሳለ ማሕፀኑ ከላይ ወደ ታች የተቀደደ ሊሆን ይችላል፤ በተለይም ያለ ጊዜው የደረሰ ወይም በሆድ ውስጥ አግድም የተኛ ሕፃን ሲሆን ሐኪሙ ወደ ቀድሞው ዐይነት ቅድ ሊመለስ ይገደዳል። ይህን በርግጥ የሚናገረው ቀዶውን ያደረገው ሐኪም የጻፈው ወረቀት ነው። የቤቱን ካርታና የይዞታ ደብተሩን በሣጥን ቈልፎ የሚያኖር አባወራ ይህችን ወረቀት ከባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ጋራ ሲጥላት ማየት ያሳዝናል። ሚስቱ ከሆስፒታል ስትወጣ ማሕፀኗ በየት በኩል እንደ ተቀደደና ስለ ምን እንደ ተቀደደች በግልጥ ተጽፎ ይሰጠው ዘንድ ይጠይቅ፤ ወረቀቱንም ከካርታው ጋራ ያኑር።

እንግዲህ ጠባሳዋ አንድ ብቻ፥ እርሱም በታችኛው ክፍል አግድም የሆነ ሴት በምጥ ለመውለድ ብትሞክር ምን ይገጥማታል? በልዩ ልዩ አገር በተደረገው ምርመራ ከመቶ ሴቶች ከ60 እስከ 80 የሚሆኑት በምጥ ይወልዳሉ፤ የቀሩት ምጡ ከተጀመረ በኋላ ወደ ቀዶ ይመለሳሉ። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ እንኳ በምጥ የወለደች ከሆነች ተስፋዋ ከመቶ ወደ 85 ወይም ወደ 90 ከፍ ይላል። የመጀመሪያው ቀዶ ምክንያትም ብዙ ይመዝናል። ሕፃኑ በመቀመጫው ስለ መጣ የተቀደደች ሴት፥ ምጥ ጠንቶባት ሕፃኑ አላልፍ ብሎ ከተቀደደችው ይልቅ ተስፋዋ የበለጠ ነው፤ የፊተኛው ሕፃን አመጣጥ በሁለተኛው ላይ ላይደገም ይችላልና።

ዋናው ፍርሃት የጠባሳው መተርተር ነው። ይህ በምጥ ከሚሞክሩት 1000 ሴቶች መካከል ከ5 እስከ 9 በሚሆኑት ላይ ይደርሳል። በ2004 ዓ.ም. በአሜሪካ በታተመ ታላቅ ምርመራ 17,898 ሴቶች በምጥ ሞክረው የ124ቱ ማሕፀን ተተረተረ፤ ይህም ከ1000 7 ያህል መሆኑ ነው። ከልጆቻቸውም መካከል 12 ሕፃናት አየር በማጣት አእምሮአቸው ተጎድቶ ተገኘ። ምጥ ሳይጀምራቸው በቀጠሮ ከተቀደዱት 15,801 ሴቶች ወገን ግን እንደዚህ ያለ ጉዳት በአንድም ሕፃን ላይ አልደረሰም። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ከደረሰ ግን ሕፃኑ በደቂቃዎች ውስጥ መውጣት አለበት፥ የእናቲቱም ደም በሆድዋ ውስጥ ይፈሳል። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው ምልክት የሕፃኑ ልብ አመታት መለወጥ ስለ ሆነ፥ ምጡ ከተጀመረበት ሰዓት አንሥቶ የልብ ምቱን የሚከታተል ባለሙያ ከአጠገቧ ሊለይ አይገባም። ከፊተኛው ወሊድ እስከ ሁለተኛው ያለው ጊዜ ከ18 ወር ያነሰ ሲሆን ፍርሃቱ ይጨምራል። ማሕፀኗ ከላይ ወደ ታች የተቀደደ፥ ወይም ከዚህ በፊት የተተረተረ፥ ወይም እንግዴ ልጁ የማሕፀኑን አፍ የዘጋባት ሴት ግን በምጥ እንድትሞክር አይፈቀድላትም።

ይህን የሰማ ሰው እንግዲያስ ሁሉም በቀጠሮ ይቀደዱ ይል ይሆናል። በቀጠሮ የሚደረገው ቀዶ ቀኑ የታወቀ፥ ሐኪሙም ተዘጋጅቶ የሚጠብቅበት ስለ ሆነ በእውነት የሚያሳርፍ ነገር አለው። ሌላ ምክንያት ከሌለም የሚቀጠረው በ39ኛው ሳምንት ነው፤ ከዚያ አስቀድሞ የወጣ ሕፃን ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላልና። ሂሳቡ የሚከብደው ግን በሦስተኛውና በአራተኛው ልጅ ላይ ነው። ቀዶው በተደጋገመ ቍጥር እንግዴ ልጁ በአሮጌው ጠባሳ ላይ ሥር ሰድዶ አልላቀቅ የሚልበት ጊዜ ይበዛል፤ ያን ጊዜም ደሙን ለማቆም ማሕፀኑን ማውጣት ግድ ይሆናል። በ2006 ዓ.ም. ከ30,000 በሚበልጡ የአሜሪካ ሴቶች ላይ የተደረገ ምርመራ ሲታተም ይህ ክፉ ነገር በመጀመሪያው ቀዶ ከ1000 ሴቶች በ2፥ በሦስተኛው በ6 ያህል፥ በአራተኛው በ21፥ በስድስተኛው በ67 ላይ ተገኘ። እንግዴ ልጁ በማሕፀኑ አፍ ላይ ከተቀመጠባቸው መካከልማ በሁለተኛው ቀዶ ከመቶ 11፥ በሦስተኛው 40፥ በአራተኛው 61 ሆነው ተቈጠሩ። ስለዚህ ሁለት ልጅ ይበቃኛል የምትል ሴትና አምስት የምትሻ ሴት የሚያገኙት ምክር አንድ ሊሆን አይችልም። ባልና ሚስት ስለ ልጆቻቸው ቍጥር የሚነጋገሩት ከሁለተኛው ቀዶ በፊት ቢሆን ይጠቅማቸዋል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ብዙ ሰዓት አምጣ ሳይሆንላት ቀርቶ በድንገት የምትቀደደው ናት፤ የቍስል መመረዝና የደም መፍሰስ በእርሷ ላይ ይበዛልና። የተስፋዋ መጠን አስቀድሞ መመርመሩ ስለዚህ ነው።

በአሜሪካ የሆነውን መመልከት በዚህ ነገር ያስተምራል። ከ1980 ዓ.ም. በኋላ ሊቃውንቱ በምጥ መሞከርን እያበረታቱ ስለ ሄዱ፥ በ1996 ዓ.ም. በፊት በቀዶ ከወለዱት ከመቶ 28 የሚሆኑት በምጥ ወለዱ። ነገር ግን የመተርተር ወሬ እየበዛ፥ ክርክሩም ወደ ፍርድ ቤት እየደረሰ ሐኪሞቹ ፈሩ፤ በዐሥር ዓመት ውስጥ ቍጥሩ ከመቶ ከ10 በታች ወረደ። በ2001 ዓ.ም. በዋሽንግተን ክፍለ አገር የታየው ምርመራ አንዱን ምክንያት ገለጠ፤ ምጡ በራሱ ከጀመራቸው 1000 ሴቶች የተተረተረባቸው 5 ሲሆኑ፥ ፕሮስታግላንዲን በተባለው መድኃኒት ምጥ ከተቀሰቀሰባቸው ግን ወደ 25 ሆነው ተገኙ። ስለዚህ ዛሬ ጠባሳ ያለባት ሴት ምጥ እንዲጀምራት ሚሶፕሮስቶል የተባለው ክኒን እንዳይሰጣት ይከለከላል። በ2010 ዓ.ም. የተሰበሰቡት የአሜሪካ ሊቃውንት ሁሉን መዝነው፥ አንድ አግድም ጠባሳ ላላቸው ለብዙዎቹ ሴቶች በምጥ መሞከር የሚገባ ምርጫ ነው ብለው ወሰኑ።

ወደ አገራችን ስንመለስ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች እናገኛለን። በ2016 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት በኢትዮጵያ በጠቅላላው በቀዶ የተወለዱት ሕፃናት ከመቶ 2 ገደማ ሲሆኑ፥ በአዲስ አበባ ግን 21 ነበሩ። በዚያው ዓመት በጤና ድርጅት የተወለዱት ከመቶ 26 ብቻ ነበሩ፤ በ2019 ዓ.ም. ወደ 48 ከፍ ብለዋል። ስለዚህ የከተማይቱ ወይዘሮ ከሐኪሟ ጋራ ስለ ሁለቱ መንገዶች ልትከራከር ትችላለች፤ የገጠሪቱ እናት ግን ጠባሳዋን ይዛ ወደ መንደሯ ትመለሳለች፤ ሁለተኛው ምጥም በሌሊት፥ መንገድ በሌለበት፥ ይይዛታል። በቤት መውለድ ለእርሷ ከሁለቱም መንገዶች የከፋ ሦስተኛ መንገድ ነው።

ለዚህ የተገኘው ብልሃት አዲስ አይደለም። በጉራጌ አገር ያለው የአጣጥ ሆስፒታል ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ አስጊ እርግዝና ያላቸው እናቶች ቀናቸው ሳይደርስ መጥተው የሚቈዩበት ማረፊያ አለው። ከ1987 እስከ 2008 ዓ.ም. ድረስ የ22 ዓመት መዝገብ ሲመረመር፥ በማረፊያው ቈይተው ከወለዱት ዘንድ ከ1000 ሕፃናት ሞተው የተወለዱት 18 ያህል ሲሆኑ፥ ከቤታቸው በቀጥታ ከመጡት ዘንድ 191 ነበሩ። በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ምጡ ከተበላሸ በኋላ የደረሱ መሆናቸው ርግጥ ነው፤ ይህም ራሱ አስቀድሞ የመምጣትን ጥቅም ያሳያል። ዛሬ በየወረዳው የእናቶች ማቆያ ተሠርቷል፤ ገንፎም ይገነፋበታል፥ ቡናም ይፈላበታል። ነገር ግን ብዙው ያለው በጤና ጣቢያ ግቢ ነው፤ በጤና ጣቢያም አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ አይደረግም። ጠባሳ ያለባት እናት በእንደዚህ ያለው ማቆያ ብትቈይ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረች ማለት ነው። የወረዳ ሹማምንት የሆኑ አንባቢዎቻችን እነዚህን እናቶች በስም ለይተው፥ ዘጠነኛው ወር ሲገባ ቀዶ ወደሚደረግበት ሆስፒታል ማቆያ እንዲሻገሩ ቢያደርጉ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳንናገር አናልፍም። አንዳንድ ቤት በቀዶ የወለደችውን «ምጥ አላየችም» እያሉ እንደ ሰነፍ ይቈጥሯታል፤ እርሷም ይህን ስም ለመፋቅ ስትል ብቻ ሁለተኛውን በምጥ ልሞክር ትላለች። ሆዷ ተቀዶ ተሰፍቶ፥ በማግስቱ ተነሥታ ሕፃን ያጠባችን ሴት ሰነፍ የሚላት ሰው ቀዶ ምን እንደ ሆነ አያውቅም። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚለው የአገራችን ሰላምታ ለሁለቱም እኩል ይገባል። እንደዚሁም የምጥ ሕመም ብቻ አስፈርቷት በቀጠሮ ልቀደድ የምትለው ሕመሙን ስለሚያስታግስ መድኃኒት ሐኪሟን ጠይቃ ትወስን። ውሳኔው የእርሷ ነው፤ ባልና እናት ይመክሯታል እንጂ አይፈርዱባትም።

በስምንተኛው ወር ወረቀቷን ይዛ ወደ ሐኪሟ በሄደች ጊዜ፥ በምጥ ለመሞከር ካሰበች፥ ስለ ሆስፒታሉ ሦስት ነገር ትጠይቅ። የቀዶ ክፍሉ በሌሊትና በበዓል ቀን ይከፈታልን? ከደሟ ዐይነት ጋራ የሚስማማ ደም ተዘጋጅቶ ይገኛልን? ቀዶ የሚያደርገውና ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ በግቢው ያድራልን? በቀጠሮ መቀደድን የመረጠችም ምጡ ከቀጠሮዋ ቀን በፊት ሊይዛት ስለሚችል እነዚሁኑ ትጠይቅ፤ ያን ጊዜ በማን መኪና እንደምትመጣም ከባሏ ጋራ ትወስን። ባለሙያው ከቤቱ ተጠርቶ የሚመጣ ነው የሚሏት እንደ ሆነ፥ ቤቱ ከሆስፒታሉ ስንት ደቂቃ እንደሚያስኬድ ጨምራ ትጠይቅ።