በማይክሮስኮፕ የሚነበብ ድንጋይ

ከአዳማ ተነሥቶ በሞጆና በመቂ በኩል ወደ ባቱ የሚወርድ መንገደኛ ከዝዋይ ሐይቅ በስተ ምዕራብ የሚያገኘው የጋዴሞታ ኮረብታ፣ የጥንት ሰዎች ጥቁር ባልጩት እየፈለጡ መሣሪያ የሠሩበት ስፍራ ነው። ባልጩት እሳተ ገሞራ ያስገኘው የተፈጥሮ መስተዋት ሲሆን፣ አብዛኛው አካሉ ከሲሊከንና ከኦክስጅን የተዋሐደ ስለሆነ ከኮምፒዩተር ቺፕ ጋር ሥጋዊ ዝምድና አለው፤ የሁለቱም ሠሪዎች ረቂቅ አሻራ ደግሞ በባዶ ዓይን አይታይምና ማይክሮስኮፕ ይሻል።

በአሮጌ ኮምፒዩተር ውስጥ የምናየው፣ እግረ ብዙው ጥቁር ነገር የቺፑ ልባስ ብቻ ነው፤ ዋናው ቺፕ በውስጡ የታሸገው፣ ከጣት ጥፍር የሚያንስ የሲሊከን ቁራጭ ነው። ይህ ቁራጭ የሚታይ ብርሃን ስለማያሳልፍ፣ ተማሪዎች የሽንኩርት ልጣጭ የሚያዩበት ከታች የሚያበራው ማይክሮስኮፕ አይረዳም፤ የብረት መርማሪዎች የሚገለገሉበት፣ ብርሃኑን ከላይ አውርዶ ነጸብራቁን የሚቀበለው ዓይነት ያስፈልጋል። በዚህ ሲመረመር ግራጫው ቁራጭ አረንጓዴ፣ ሐምራዊና ወርቃማ ኅብር ይለብሳል፤ ቀለም የቀባው ግን ማንም የለም፤ ገጹን የሸፈነው እጅግ ስስ የኦክሳይድ ንብርብር ከላዩና ከሥሩ የሚመልሳቸው ጨረሮች፣ እንደ ውፍረቱ መጠን እየተደጋገፉና እየተሻሩ የሚፈጥሩት ነው።

ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1971 ለገበያ ያወጣው 4004 የተባለው ቺፕ 2,300 ያህል ትራንዚስተሮች የያዘ ሲሆን፣ የተሠራበት ልክ 10 ማይክሮሜትር፣ ማለትም የሚሊሜትር አንድ መቶኛ ስለሆነ፣ ትዕግሥት ያለው ሰው መስመሮቹን አንድ በአንድ ሊከተላቸው ይችላል፤ የዛሬዎቹን ቺፖች ግን እንዲህ ያለው ማይክሮስኮፕ ሊለያቸው አይችልም። በ4004 ዳር ላይ ከነዳፊዎቹ አንዱ የሆነው የፌዴሪኮ ፋጂን ስም መነሻ ፊደላት ተቀርጸው ይገኛሉ፤ የብራና ጸሐፊ በመጽሐፉ ፍጻሜ ስሙን አኑሮ አንባቢ እንዲያስበው እንደሚማጠን፣ መሐንዲሱም በማንም ዐይን በማይታይ ስፍራ ስሙን አኖረ። ከስም አልፎ ሙሉ ንድፍም በማይክሮስኮፕ ይነበባል፤ በ1975 የወጣውን 6502 የተባለ ቺፕ የአሮጌ ኮምፒዩተር ወዳጆች በማይክሮስኮፕ ፎቶግራፍ አንሥተው፣ ሽቦውንና ትራንዚስተሩን ሁሉ ከሥዕሉ ለቅመው፣ በ2010 በአዲስ ኮምፒዩተር ላይ እንደ ገና እንዲሠራ አድርገውታል።

የጋዴሞታው ንባብ ግን ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቅ ይመስለኛል። ዮናታን ሣህሌ፣ አጋዚ ነጋሽና ባለምዋል አጥናፉ ከሌሎች ሊቃውንት ጋር በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ279,000 ዓመት በላይ ዕድሜ የተሰጣቸውን የባልጩት ሹሎች ስብራት በማይክሮስኮፕ መርምረዋል። ባልጩት ሲሰበር በውስጡ የሚሮጠው ስንጥቅ ጥቃቅን እንከን ባጋጠመው ቁጥር ተመራማሪዎቹ «ክንፍ» የሚሉትን ሹል ምልክት ትቶ ያልፋል፤ የክንፉ ማእዘን ስንጥቁ የሮጠበትን ፍጥነት ስለሚገልጽ፣ በእጅ ተጭኖ የተሰበረውን ተወርውሮ ከተሰበረው ለመለየት ይረዳል። በዚህም ከሹሎቹ አንዳንዶቹ የሚወረወር ጦር ጫፍ እንደ ነበሩ ደመደሙ። አንዳንዱ ስብራት ጫፉን ለመሳል ሆነ ተብሎ የተደረገ ነው የሚሉ ሌሎች ሊቃውንት ስላሉ ክርክሩ አልተዘጋም፤ ቢሆንም ከጦሩ የቀረ እንጨት በሌለበት ፍጥነቱን ከድንጋዩ መጠየቅ ታላቅ ብልሃት ነው።

ወደ ቺፑ ስንመለስ፣ ሲሊከኑን ለማየት ልባሱን በትኩስ አሲድ መግፈፍ በቤት የሚሞከር አይደለም። ነገር ግን አሮጌ ኮምፒዩተር ያላችሁ አንባብያን፣ ለቁራሌው ከመስጠታችሁ በፊት በላዩ ወረቀት የተለጠፈበት ቺፕ እንዳለ ፈልጉ፤ ከወረቀቱ ሥር ክብ የኳርትዝ መስኮት ካገኛችሁ፣ በተራ አጉሊ መነጽር ሲሊከኑን ምንም ሳትሰብሩ ታዩታላችሁ። መስኮቱ የተሠራው በውስጡ የተጻፈውን በአልትራቫዮሌት ጨረር ለማጥፋት ነውና፣ ኮምፒዩተሩን ገና የምትገለገሉበት ከሆነ ፀሐይ ሳያገኘው ወረቀቱን መልሳችሁ ለጥፉበት።