ጨረታው የማን ነው? በግሸን ሴቶችና በመንግሥት ግዥ ዙሪያ የሚባለውና እውነቱ

የግሸን ማርያም ንግሥ መስከረም 21 ሲደርስ ወደ አምባው የሚጎርፈውን ምዕመን የሚያበላውና የሚያጠጣው ማን እንደሆነ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። እንጀራውን ጋግረው፣ ዳቦውን ደፍተው፣ ሻይና ቡናውን አፍልተው የሚያቀርቡት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ስንት ሰው እንደሚመጣ ገምተው እህሉን አስቀድመው ይሸምታሉ፣ ያስፈጫሉ፣ አቀበቱን በሸክምም በአህያም ያወጡታል፤ ገንዘባቸውንም ንግሡ ሳያልፍ ይመልሳሉ። አቅርቦት ማለት ይህ ነው። አምባው የሚገኝበት የአምባሰል ወረዳ መሥሪያ ቤቶች ውጫሌ ላይ ዕቃ ሲገዙ ግን ነገሩ የሌላ ሰው ጉዳይ ይመስላል።

ይህ የአምባሰል ብቻ ጣጣ አይደለም። ዓለም አቀፉ የንግድ ማዕከል ብዙ ጊዜ በሚጠቅሰው ግምት በዓለም ላይ ካሉት የንግድ ድርጅቶች ሲሶ ያህሉ የሴቶች ናቸው፤ ከመንግሥት ግዥ የሚደርሳቸው ግን 1 በመቶ ገደማ ነው። በእኛ አገር በጉዳዩ ላይ የሚወራው ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ተረት ነው። የሚጎዳው ደግሞ እውነት የሚመስለው ተረት ነው።

«የመንግሥት ግዥ የትልልቅ ነጋዴዎች ነው»

መንገድና ሕንፃ ከሆነ እውነት ነው። የወረዳ ግዥ ግን ባብዛኛው ሌላ ነው፦ የጽሕፈት መሣሪያ፣ የጽዳት ዕቃ፣ ለጥበቃና ለፅዳት ሠራተኞች ደንብ ልብስ፣ ወንበርና ጠረጴዛ፣ የኅትመት ሥራ፣ ሥልጠና ሲኖር ሻይ፣ ቁርስና ምሳ። ከዚህ ውስጥ ልብስ ስፌቱና መስተንግዶው ድሮም በሴቶች እጅ ያለ ሥራ ነው። መጠኑ አነስ ያለ ግዥ ደግሞ በግልጽ ጨረታ ሳይሆን በፕሮፎርማ፣ ማለትም ከጥቂት አቅራቢዎች ዋጋ በማሰባሰብ ሊፈጸም ይችላል። ፕሮፎርማው የሚበተነው ለሚታወቁ ሱቆች ነው። ስለዚህ ንግድ ፈቃዷን፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሯንና የሥራ ናሙናዋን ይዛ ግዥ ክፍሉ ዘንድ ቀርባ «እኔም አለሁ» ያላለች ነጋዴ፣ ማንም ክፉ ሳያስብባት ከውድድሩ ውጭ ትሆናለች።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ማየት ያለብን ግን ሎት የሚባለውን ነገር ነው። ጨረታ በሎት፣ ማለትም በዕቃ ምድብ፣ ተከፋፍሎ ሲወጣ አንድ ተወዳዳሪ የፈለገውን ሎት መርጦ መወዳደር ይችላል። ሁሉንም ማቅረብ ግዴታ ነው የሚለው ወሬ ሐሰት ነው። በመረጠው ሎት ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የተዘረዘረውን ዕቃ ሁሉ ዋጋ እንዲሞላ ይጠየቃል፤ አሸናፊውም የሚለየው በሎቱ ድምር ነው። እንግዲህ ደንብ ልብስ በሚል አንድ ሎት ውስጥ ካፖርትና ሱሪ ከቆዳ ጫማና ከዝናብ ልብስ ጋር ታጭቆ ወጣ እንበል። ሱሪውንና ካፖርቱን አሳምራ የምትሰፋው ባለሙያ ጫማውን ከየት ታመጣለች? ሎቱ ያመልጣታል፤ ሁሉንም ገዝቶ የሚሸጠው ነጋዴ ይወስደዋል። ከዚያም ስፌቱን ለራሷ በርካሽ ይሰጣትና ትርፉን እሱ ይይዛል። ሰነዱን የሚያዘጋጀው ባለሙያ ጫማውን ለብቻው፣ ስፌቱን ለብቻው ቢያደርገው ምንም ሕግ አይጣስም፣ ከበጀቱም የሚጎድል ነገር የለም።

«ሴት ስለሆነች ሕጉ ያስቀድማታል»

ይህን የሚሉት ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው። አንዳንዱ ለማበረታታት ይለዋል፤ ሌላው ደግሞ «ለሴቶች ተሰጠ፣ እኛ ተገፋን» ብሎ ለማጉረምረም። ሁለቱም ሕጉን አላነበቡትም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ሴቶች ያለፈውን በደል የሚያካክስ የድጋፍ እርምጃ ተጠቃሚ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ለዓመታት የፌደራሉን ግዥ የመራው አዋጅ ቁጥር 649/2001 በአንቀጽ 25 በዋጋ ልዩ አስተያየት ያደረገው ግን ለአገር ውስጥ ምርት፣ ለአገር ውስጥ የግንባታና የማማከር ድርጅቶች፣ እንዲሁም ለጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች ነው። ተጠቃሚዋ የምትለየው በፆታዋ ሳይሆን በመደራጀቷ ነበር። ኬንያ ሌላ መንገድ መርጣለች፤ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከመንግሥት ግዥ 30 በመቶው ለሴቶች፣ ለወጣቶችና ለአካል ጉዳተኞች እንዲመደብ አድርጋለች።

በዚያ አዋጅ ሥር የወጣው መመሪያ ለጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች የሰጠው የዋጋ ልዩነት 3 በመቶ ነበር። በብር እናስላው። አንድ ነጋዴ 100,000 ብር፣ የሴቶቹ ኢንተርፕራይዝ 102,500 ብር አቀረቡ እንበል። ልዩነቱ ከ3 በመቶ በታች ስለሆነ ሌላው መሥፈርት ከተሟላ የሚያሸንፈው ኢንተርፕራይዙ ነበር፤ የሚከፈለውም ያቀረበው 102,500 ብር ነበር። ዋጋቸው 104,000 ብር ቢሆን ግን 3 በመቶው አያድናቸውም ነበር። የዚህን ያህል ጠባብ ድጋፍ እንደ ትልቅ ችሮታ ማውራት ተገቢ አይደለም።

አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተተክቷል፤ ክልሎችም የየራሳቸው የግዥ ሕግ አላቸው። ስለዚህ ተወዳዳሪ የሆነች ሁሉ ሰነድ ስትገዛ በሥራ ላይ ያለው መመሪያ ለእሷ ዓይነት ድርጅት ምን እንደሚል ጠይቃ፣ የተባለውን በጽሑፍ እንዲያሳዩዋት ብታደርግ ይበጃታል።

«ሲፒኦ የሌላት አትወዳደርም»

በኩር ጋዜጣ ላይ የሚወጡ የወረዳ ጨረታዎችን የሚያነብ ሰው ቃሉን በቃሉ ይዞታል፦ በዘመኑ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ግዥው ከተወሰነ መጠን በላይ ከሆነ የቫት ተመዝጋቢነት፣ የጨረታ ማስከበሪያ በባንክ በተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ (ሲፒኦ) ወይም በጥሬ ገንዘብ። የ400,000 ብር ጨረታ 2 በመቶ ማስከበሪያ 8,000 ብር ነው። ለአንድ ትልቅ ነጋዴ ይህ ምንም አይደለም። በትንሽ ገንዘብ ለምትንቀሳቀስ ሴት ግን ጨረታው እስኪለይ የሚታሰር መነገጃዋ ነው። ካሸነፈች ደግሞ የውል ማስከበሪያው 10 በመቶ ይከተላል።

ብዙዎች የማያውቁት ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። የፌደራሉ መመሪያ የተደራጁ ጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች በማስከበሪያው ፋንታ ካደራጃቸው አካል የዋስትና ደብዳቤ እንዲያቀርቡ ፈቅዶ ነበር፤ የጨረታ ሰነዱንም ያለ ክፍያ እንዲወስዱ። በአማራ ክልል ወረዳዎች ማስታወቂያ ላይም ይኸው ሐሳብ ሲጻፍ ይታያል። ደብዳቤውን የሚጽፈው በወረዳ ደረጃ ዛሬ ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት የሚባለው ነው። ማስታወቂያው «ራሳቸው ለሚያመርቱት» ብቻ የሚል ከሆነ ገዝታ የምትሸጥ ሴት አይጠቅማትም፤ የምትሰፋና የምትጋግር ሴት ግን ይጠቅማታል። ለብቻዋ የምትሠራ ሴት በሕግ ሳትደራጅ በመቅረቷ የምታጣው ይህን ነው።

«ባሏ ካልፈረመ ፈቃድ አይሰጣትም»

ሐሰት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ አድርጎት ነበር፤ የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ያን ሽሮታል፤ የአማራ ክልልም የራሱን የቤተሰብ ሕግ በ1995 አውጥቷል። የሁለቱ ስምምነት የሚያስፈልገው የጋራ ቤትን ለብድር መያዣ ማድረግን በመሰለ ጉዳይ ነው። ንግድ ፈቃድ ለማውጣት አይደለም።

«ጨረታው ቀድሞ ያለቀ ነው»

የሚያልቅበት ጊዜ የለም ብዬ አልከራከርም። ይህን ብለው የቀሩ ሁሉ ግን ሜዳውን ለቀው ሰጥተዋል። ግልጽ ጨረታ የሚከፈተው ተጫራቾች ወይም ሕጋዊ ወኪሎቻቸው በተገኙበት ነው፤ የእያንዳንዱ ዋጋም ይነበባል። የተነበበውን በወረቀት መያዝ መብት ነው። ሂደቱ አልጣመኝም የሚል ተወዳዳሪ በአዋጅ 649/2001 መሠረት ቅሬታውን በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ በጽሑፍ ማቅረብ ይችል ነበር፤ ከዚያም በላይ ይግባኝ የሚባልበት ቦርድ ነበር። ዛሬ ያለውን የጊዜ ገደብ ጨረታው ከመከፈቱ በፊት ማወቅ ያሻል፤ በቃል ያጉረመረመ ሰው ቅሬታ አቀረበ አይባልም። ከግሸን አምባ ወርዶ ሰነድ ለመግዛት፣ ለማስገባትና ሲከፈት ለመገኘት ውጫሌ መመላለስ ድካምም ወጪም አለው። አብረው የተደራጁ ሴቶች አንዷን ወክለው ቢልኩ ግን ወጪውን ይካፈሉታል።

ተረት ያልሆነው

ክፍያ ይዘገያል ሲባል እውነት ነው። ዕቃ አስረክባ ክፍያ ለወራት የምትጠብቅ ትንሽ ነጋዴ የቀጣዩን ጨረታ መነሻ አታገኝም፤ ብዙዎቹን ከመንግሥት ጋር መሥራት የሚያስመርራቸውም ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ማደራጀት ብቻውን እንደማይበቃ፣ ገበያ አብሮ መሰጠት እንዳለበት ይህች አገር አሳይታለች። በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ብሎኬቱ፣ በርና መስኮቱ ከተደራጁ ኢንተርፕራይዞች በገበያ ትስስር ተገዝቷል። በከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችም የተማሪዎችን ምገባ የሚያዘጋጁት የተደራጁ እናቶች ናቸው።

የወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ይህን ለመጀመር አዲስ አዋጅ መጠበቅ አይኖርበትም። ቀጣዩ የግዥ ዕቅድ ሲወጣ ስፌቱን ከጫማው፣ መስተንግዶውን ከጽሕፈት መሣሪያው ይለይ፤ ማስታወቂያውን ውጫሌ ቢሮ በር ላይ ከመለጠፍ አልፎ በየቀበሌው ያድርስ፤ ዕቃ ተረክቦ ክፍያ አያቆይ።